በቀትር «እንብላ» የሚለው ዋሻ

አንድ ጊዜ፣ ከሜዳው ገደሉ በሚበዛበት በአንድ ቆላ አገር፣ የአራዊት ልጆች ሁሉ በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ይማሩ ነበር። የአንበሳም ልጅ፣ የሚዳቋም ልጅ፣ የጃርትም ልጅ እዚያው ነው። «አንበሳና ሚዳቋ እንዴት አብረው ይማራሉ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። በዋርካው ጥላ ሥር ጥርስ እንዳይነሣ የጥንት አባቶቻቸው ተማምለው ነበር፤ መሐላውም እስከዚያ ዘመን ይከበር ነበር። መምህራቸው ጉሬዛ ናቸው። ነጭ ካባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተሸጋገሩ ያስተምራሉ። የሚያንጎላጅ ተማሪ ካዩ በዋርካ ፍሬ ግንባሩን ይሉታል።

በዚያ አገር አንድ የማይሻር ልማድ አለ። ማንም ቢሆን የሚበላውን ሲያወጣ አጠገቡ ላለው ሁሉ «እንብላ» ይላል። የተጠየቀው ደግሞ ጨዋ ልጅ ከሆነ «ይባረክ፣ በልቻለሁ» ብሎ ፊቱን መለስ ያደርጋል። ገና አንዴ ሲጠሩት እሺ ብሎ የተቀመጠ ልጅ «ያላደገ» ይባላል፤ ስድቡም ከእሱ አልፎ እናቱ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ምሳ የያዘው «እንብላ» ይላል፤ ያልያዘው «በልቻለሁ» ይላል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ግን ሆዱ ባዶ ነው፤ ይህንን ደግሞ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ምሳ ያልያዙት፣ የሚበሉትን አፍ አፋቸውን ላለማየት «እንጫወት» እያሉ ከዋርካው ራቅ ይላሉ። ከዋርካው ጀርባ ገደል አለ። ከገደሉ ሥር ጠባብ ዋሻ አለ። ወላጆች «በቀትር ወደ ገደሉ እንዳትሄዱ፣ ጋኔን አለ» ይሏቸዋል። ቀትር ማለት ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ጥላ ሁሉ እግር ሥር የሚገባበት ሰዓት ነው። ወፍ አይጮኽም፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ጋኔን ከሌሊቱ ይልቅ ቀትርን እንደሚወድ ያገሬው ሁሉ ያውቃል።

መጀመሪያ ለውጡን ያዩት መምህር ጉሬዛ ናቸው። ከምሳ በኋላ አንዳንድ ልጆች ሲመለሱ ባዶ አፋቸውን ያኝካሉ። የሚዳቋን ልጅ «ምን ትበያለሽ?» ቢሏት «ምንም» ትላለች፤ ማኘኳን ግን አታቆምም። ይባስ ብሎ ፀሐይ ዘንበል ስትል የሁሉም ጥላ ከእግሩ ሥር ወጥቶ ሲረዝም፣ የእነዚህ አይወጣም። ቢወጣም ክር አክሎ ነው። መምህሩ ዓይናቸውን ጠረጉና «እርጅና ነው» ብለው ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ጥፋት ነበር።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ቡላ ነው፤ የእመት አህዪት ውርንጭላ፣ አንድ ለእናቱ። እመት አህዪት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ያገሩን እህል ወደ አያ አንበሶ ጎተራ ታጓጉዛለች። አገሩ በየመኸሩ ለአያ አንበሶ ግብር ያስገባል፤ ግብሩን የምታደርሰው እሷ ናት። «ጫኑባት» የሚል ሞልቷል፤ «አጉርሷት» ያለ ግን ተሰምቶ አያውቅም። ማታ ደክማ ትመለስና «ልጄ፣ ምሳ በላህ?» ትለዋለች። «በልቻለሁ እማዬ» ይላታል። እሷም አምናው ትተኛለች።

አንድ ቀን ጭነቷን እንደተሸከመች፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ፣ በቀትር በገደሉ ጫፍ ታልፍ ነበር። ከሥር ድምፅ ሰማች።

«እንብላ» አለ።

ቆመች። ድምፁ የእናቷ ነው። እናቷ ከሞተች ብዙ ክረምት አልፏል።

«እንብላ እንጂ ልጄ! በሞቴ! አፈር ስሆን!»

እንዲህ ተብሎ የተለመነ «በልቻለሁ» ማለት አይችልም፤ ታውቁታላችሁ። እግሯ ሳታዝዘው ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ዞር ስትል ልጆቹን አየች። ከዋርካው በኩል መጥተው አንዱ ካንዱ ኋላ ቁልቁል ይወርዳሉ። አንዳቸውም አይናገሩም። ኮቴያቸው ጠጠር ላይ እያረፈ ድምፅ አያወጣም። ቡላ መካከላቸው ነው።

ደግነቱ ጭነቷ አዘነበለና ከስልቻው ቀዳዳ ጥቂት ባቄላ ፈሰሰ። አንዷን ፍሬ ሳታስበው በከንፈሯ ለቅማ ቆረጠመቻት። ድምፁ ቀጥ አለ። የቀረው ድንጋይ ለድንጋይ የሚያፏጭ ንፋስ ብቻ ነው። ይህን ድምፅ የሚሰማው የራበው ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

አናፋች። የአህያን ማናፋት የማይሰድበው የለም፤ ያን ዕለት ግን ከዚያ የጣመ ዜማ ባገሩ አልነበረም። ልጆቹ ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሱ ሁሉ ብንን ብለው ቆሙ።

«ወዴት ነው የምትሄደው ልጄ?» አለችው ቡላን።

«አያቴ ጠራችኝ» አላት። ቡላ አያቱን በሕይወቱ አይቷት አያውቅም።

«ርቦሃል?»

ቡላ መሬት መሬቱን አየ። «በልቻለሁ እማዬ።»

ጥላውን አየችው። ክር አክሏል። የአንበሳ ግብር መሆኑን ረስታ የፈሰሰውን ባቄላ ለቅማ አጎረሰችው፤ ጥላው ትንሽ ወፈር አለ። ሌሎቹ ልጆች ቆመው ያዩአቸዋል። ከፈሰሰው ለእነሱ የሚሆን አልተረፈም፤ ስልቻውን ልትፈታው ስትል ደግሞ የማን ግብር መሆኑ ትዝ አላት። አንዳቸውም አልጠየቁም፤ ሁሉም «ይባረክ» ብለው ተመለሱ። እመት አህዪት ያን ዕለት መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ነበር የሄደችው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እህል ልታነሣ በደረሰችበት ደጃፍ ሁሉ ቆማ «ልጆቻችን ቀትር ላይ ባንድ ገበታ ይብሉ» ትላለች። «ያለው የሌለው ሳይባል፣ ሁሉም! ጎተራው ሞልቷል። የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ጀርባዬን ጠይቁት።»

እመት ጦጢት ሣቀችባት። «እኔ ልጄን አብልቼ ነው የምልከው እህቴ። የሰው ጣጣ ምን አገባኝ?»

ጃርት ደግሞ «እስቲ ድምፁን እኔም ልስማው» ብሎ፣ ጥግብ እስኪል በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ወደ ገደሉ ወረደ። ምንም አልሰማም። ዋሻውም አልታየው፤ ያየው ሥንጥቅ ድንጋይ ነው። «ውሸታም!» ብሏት ቤቱ ገባ። ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም መባሉ ለዚህ ነው። እናት ሚዳቋ ብቻ ምንም ሳትናገር መጥታ አጠገቧ ቆመች። ነገሩን ከቤቷ ታውቀዋለች።

በሳምንቱ የሚዳቋዋ ልጅ ለምሳ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ከእሷም በኋላ ሌሎች ቀሩ። አገሩ ተሸበረ። ልጅ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰርበት ደግሞ የታወቀ ነውና፣ አያ ጅቦ ተጎትቶ ሸንጎ ፊት ቀረበ። አያ አንበሶ ከድንጋይ ዙፋኑ ላይ ሆኖ አፈጠጠበት።

«ልጆቹን በላህ?»

«ጌታዬ፣ በልቼ ቢሆን እንዲህ እከሳ ነበር?»

እውነቱን ነው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ግብዣ ነው የጎዳኝ» አለ አያ ጅቦ። «በዚያ በገደሉ ሥር ስሄድ አንዱ 'እንብላ፣ በሞቴ!' አለኝ። እኔ እንኳን ተለምኜ ሳልጠራም እሄዳለሁ። ገባሁ፤ በላሁ። ብበላ፣ ብበላ፣ ሆዴ ጀርባዬን ነካ። ድሮ ስበላ ወደ ፊት ነበር የሚሄደው።»

«ምንድን ነው የበላኸው?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ከባድ ሥራ ነው። «እሱን ልብ አላልኩትም» አለ።

ሸንጎው በሣቅ ፈረሰ። እመት ጦጢት ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። የማይሥቁት እመት አህዪትና እናት ሚዳቋ ብቻ ነበሩ።

«ልጆቹንስ አየሃቸው አያ ጅቦ?» አለችው እመት አህዪት።

«እንዴታ! እነሱም እየበሉ ነው። አቤት ጨዋነታቸው! እኔን ሲያዩ እንኳ አልሸሹም። ቀረብ ብዬ አንዷን ልነክሳት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የሚነከስ ነገር የላትም። ጥርሴ ንፋስ ገጠመ። ደጅ ላይ አሮጌ አጥንት ሸተተኝና ወጣሁ፤ አለዚያ እስካሁንም እየበላሁ ነበር።»

ሣቁ ቀስ በቀስ በረደ። ጅብ ሲቀርባት የማትሸሽ የሚዳቋ ልጅ ምን ትሆን? ይህን ጮክ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ያን ጊዜ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀበሮ የጎተራው ሹም ነው። ሲሾም አንገቱ ይታይ ነበር፤ አሁን የት እንዳለ አይታወቅም።

«ጌታዬ» አለ በለሰለሰ አንደበት፣ «እመት አህዪት ደግ እናት ናት፤ እግዜር ያክብራት። ነገር ግን ለጠገበ ልጅ ማብላት እህል መበተን ነው። የጦጢት ልጅ በልቶ ይመጣል። የእርስዎ ልጅስ? የአንበሳ ልጅ ንፍሮ ሊቀርብለት ነው? ያስቃል። የራበው ብቻ ይብላ። የራበው ደግሞ ይታወቅ፤ ነገ ጠዋት በሸንጎው ፊት በዚህ ድንጋይ ላይ ይቁምና 'ርቦኛል' ይበል። እንዲያ ያለውን እኔ ራሴ አበላዋለሁ።»

ሸንጎው አጨበጨበ። ነገሩ ፍርድ ይመስላል፤ የቀበሮ ነገር ምንጊዜም ፍርድ ይመስላል።

«አያ ቀበሮ» አለች እመት አህዪት፣ «ልጅን ባገር ፊት 'ርቦኛል በል' ማለት፣ እናትህን ባገር ፊት ስደብ ማለት እኮ ነው!»

«እውነት የራበው አያፍርም» አላት።

ርቦት የማያውቅ እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ምን ይደረግ።

በማግሥቱ ያልጠፉት ልጆች በድንጋዩ ፊት ተደረደሩ። የአንበሳ ልጅም ከመካከላቸው ቆሟል። እናቶች በአንድ ወገን፣ አባቶች በአንድ ወገን ሆነው ያያሉ።

«የራበው ይውጣ!» አለ ቀበሮ።

መምህር ጉሬዛ ከቅርንጫፋቸው ላይ ወደ ልጆቹ ጥላ ተመለከቱ። ክር የሚያክሉት ጥላዎች ካለፈው ሳምንት በዝተዋል። ልጆቹ ግን ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ። የሚወጣ ጠፋ።

ቀበሮ ፈገግ ብሎ ወደ ቡላ ሄደ። «እናትህ ርቦታል ብላ አገር አዳርሳለች። እስቲ አንተው ንገረን፣ ርቦሃል?»

ቡላ እናቱን አያት። እሷ በዓይኗ «በል፣ ልጄ፣ በል!» ትለዋለች። እሱ ግን ያየው ያገሩን ዓይን ሁሉ በእናቱ ላይ ተተክሎ ነው። ጀርባዋን አየው፤ ጭነት የላጠውን። አንገቱን ቀና አደረገ።

«ይባረክ» አለ። «በልቻለሁ።»

እመት አህዪትን እንዲህ ያለ ልጅ ማሳደጓ ሊያኮራት ሲገባ፣ ያን ደቂቃ ባለጌ አድርጋ ባሳደገችው ኖሮ ብላ ተመኘች።

«አያችሁ!» አለ ቀበሮ። ሸንጎው ተበተነ። የአንበሳን ልጅ «አንተስ ርቦሃል?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

በዚያው ቀን፣ በቀትር፣ ቡላ ጠፋ።

እመት አህዪት ወሬውን እንደሰማች ጭነቷን መሬት ላይ ጣለችው። ከሐዘን የተነሣ ከትናንት ጀምሮ አልቀመሰችም። አንዲት ባቄላ ከስልቻው አውጥታ ሳትነክሳት ከጉንጯ ሥር ደበቀችና ወደ ገደሉ ወረደች። «እንብላ ልጄ» ይላታል ድምፁ፤ በቀረበች ቁጥር ይለሰልሳል። ጃርት ሥንጥቅ ድንጋይ ያየበት ቦታ ለእሷ ሰፊ በር ሆኖ ተከፈተ።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ልጆቹ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያ ከብበው ተቀምጠዋል። ገበታው ባዶ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ዝቅ ይላሉ፣ ከባዶው ድንጋይ ያነሣሉ፣ ቀና ብለው ያኝካሉ። የሚያኝክ አፍ ሁሉ ድምፅ የለውም። አንዳቸውም ጥላ የላቸውም። ከገበታው ራስ የጋባዡ ቦታ አለ፤ የተቀመጠበት ግን የለም። «ብሉ፣ ብሉ እንጂ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ቡላ!»

«እማዬ፣ እንብላ» አላት ዞር ሳይል።

አቀፈችው። ገለባ አክሏል። ባቄላዋን ነከሰቻት፤ ድምፁ ጠፋላት። ግማሹን ለቡላ አጎረሰችው። ዓይኑ በራ፤ አያት፤ ማልቀስ ጀመረ።

«ተነሥ ልጄ፣ እንውጣ!»

ቡላ ዙሪያውን ቃኘ። የሚዳቋዋን ልጅ አየ፤ አጠገቧ ደግሞ የአንበሳን ልጅ፣ ባዶ ጥፍሩን እየላሰ።

«ጓደኞቼን ገበታ ላይ ትቼ እንዴት ብቻዬን እነሣለሁ?» አላት። «ነውር አይደለም እማዬ? ለሁላችንም አምጪና እንውጣ።»

ይህን እንዳለ የበላት ግማሽ ባቄላ አለቀች፤ ዓይኑ እንደገና ደፈረሰ፤ ማኘክ ቀጠለ። እመት አህዪት ልጇን ትታ መውጣት ነበረባት። እናት ለሆነች ይህን መተረክ አያስፈልገኝም።

በቀጥታ የሮጠችው ወደ አያ አንበሶ ነው። ቀበሮ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ጌታዬ አርፈዋል» አላት። እሷም አናፋች፤ ያረፈውን ሁሉ ቀሰቀሰች። አያ አንበሶ እያገሣ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ ዋሻው ውስጥ ነው» አለችው።

«የእኔ ልጅ? የአንበሳ ልጅ ርቦት?»

«ሥጋውን በሚዳቋዋ ልጅ ፊት አውጥቶ እንዴት ይብላው? ጨዋ አድርገው አሳድገውታል። በየመንገዱ ተጥሎ የማየው ሥጋ የእሱ ኖሯል፤ 'በልቻለሁ' ሲል ከርሟል።»

አያ አንበሶ አላመነም። ወርዶ አየ። ያየው ሥንጥቅ ድንጋይ ነው፤ የሰማውም ንፋስ ነው።

«ጠግበው መጥተው ነው» አለችው። «ሳይበሉ ይደሩና ነገ በቀትር እንምጣ።»

«ንጉሥ ጦሙን ይደር ትላለች!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «ድፍረት!»

ዳሩ ግን ያን ዕለት ማታ የአንበሳ ልጅ ወደ ቤቱ አልገባም። አያ አንበሶ የቀረበለትን ሙዳ ሥጋ ሳይነካው አደረ።

በማግሥቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም በገደሉ ጫፍ ቆመ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ፣ ከሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ «እንብላ» የሚል ተሰማ። የሞተው አባቱ ድምፅ ነው። የአያ አንበሶ ጋማ ቆመ።

«እንብላ ልጄ። በሞቴ።»

ያ ሁሉ አገር የሚፈራው እግር ሳይታዘዝ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። እመት አህዪት መንገዱን በጎኗ ዘግታ አንድ ጉንጭ ባቄላ አጎረሰችው። አንበሳ ባቄላ ይቆረጥማል ወይ? ሲርበው ይቆረጥማል። ድምፁ ጠፋ። አያ አንበሶ ወደ እመት አህዪት ዞረ።

«ልጄ በየቀኑ ይህን ነው የሚሰማው?»

«ይህንኑ ነው ጌታዬ። የሁላችንም ልጆች።»

«ጎተራው ይከፈት!»

«ጌታዬ» አለ ቀበሮ እየተቅለሰለሰ፣ «የራባቸው ተለይተው…»

«ለሁሉም ነው ያልኩት!» ብሎ አገሣ፤ ገደሉ ተቀበለው።

ጎተራው ተከፈተ። እመት ጦጢት ዓይኗን ማንሣት እያፈረች ትልቁን ድስቷን ተሸክማ መጣች። ጃርት እንጨት ለቀመ። በዋሻው አፍ ላይ ባቄላና ስንዴ ተጣደ። የንፍሮው እንፋሎት ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ከውስጥ የማኘኩ ነገር ቆም ያለ መሰለ።

«አደራችሁን» አለች እመት አህዪት፣ «ሳትበሉ፣ አንዳንድ ባቄላ ከጉንጫችሁ ሥር ደብቃችሁ ግቡ። 'እንብላ' እንዳትሏቸው። ከጠየቃችኋቸው 'በልቻለሁ' ይላሉ። ዝም ብላችሁ አጉርሱ። 'የራሴን ልጅ ላስቀድም' አትበሉ፤ አጠገባችሁ ያለውን ነው።»

ገቡ። ጦጢት የጃርትን ልጅ አጎረሰች። እናት ሚዳቋ የአንበሳን ልጅ አጎረሰች። አያ አንበሶ በዚያ ግዙፍ መዳፉ ለሚዳቋዋ ልጅ ንፍሮ ያዘላት፤ ግማሹ መሬት ቢፈስም ዋጠችው። ማንም ስለ ማንም «ይህ የማን ልጅ ነው?» አላለም። እመት አህዪት እየዞረች የቀሩትን ስታጎርስ፣ ከገበታው ዳር አንድ ሰፊ አፍ ተከፍቶ ጠበቃት። አያ ጅቦ ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ልሁን ብለህ ነው?» አለችው።

«እኔስ ልጅ አልነበርኩም?»

እሱንም አጎረሰችው። ቡላ ዘንድ ስትደርስ መምህር ጉሬዛ ቀድመዋት አጉርሰውታል፤ እንባቸው ነጭ ካባቸውን አርሶታል። ልጆቹ አንድ ላይ ተነሡ፤ አንድ ላይ ወጡ። ሲወጡ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። የአንዱም ጥላ ሳይቀር ከእግሩ ሥር ወጣና ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ትልቅ ጥላ፣ ጥቁር ጥላ። እናቶች ልጅ ትተው ጥላ እየዳበሱ ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀትሩ በዋርካው ሥር አንድ ገበታ ይዘረጋል። የአንበሳ ልጅ ከሚዳቋዋ ልጅ ጎን ተቀምጦ ያንኑ ንፍሮ ይበላል። የራበው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ቀበሮ ከሹመቱ ተሻረ። ገበታው አጠገብ ሲያልፍ እመት ጦጢት ንፍሮ ብትዘረጋለት «እኔን እንደ ልጅ?» ብሎ ኮርቶ ሄደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦሙን አደረ። በማግሥቱ በቀትር ወደ ገደሉ ሲወርድ አንዲት ቆቅ አይታዋለች። «ይባረክ፣ ይባረክ… እሺ፣ ይህን ያህል ከለመናችሁኝማ» እያለ፣ ለማን እንደሚመልስ ሳይታወቅ፣ ብቻውን ይሣቅ ነበር አለች። ጠግበው የሄዱ ፈላጊዎች ሥንጥቅ ድንጋይ ብቻ አገኙ፤ ርቦት ሊፈልገው የፈቀደ ደግሞ አልተገኘም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ዝናብ እንጨቱን አርሶት ንፍሮው ዘገየ። ፀሐይ አናት ላይ ቆመች። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ ይሯሯጣሉ። በመካከሉ ቡላ ቆመ። ሁለት ጆሮዎቹ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወደ ገደሉ ዞሩ።

እመት ጦጢት ከድስቷ አጠገብ ሆና እነዚያን ጆሮዎች አየቻቸው። ጭልፋውን ወረወረች። እስኪበርድ አልጠበቀችም፤ ትኩሱን በእጇ ዘግና፣ እጇ እየተቃጠለ፣ ሮጠች። አጎረሰችው። ቡላ አኘከ፤ ዋጠ። ጆሮዎቹ ወደ ቦታቸው ወረዱ።

«ምን ሰማህ ልጄ?» አለችው እያለከለከች።

ቡላ ትንሽ አዳመጠ። «ምንም እትዬ ጦጢት» አለ። «ንፋስ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንጨቱ ከቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ንፍሮውም ዘግይቶ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ የልጅ ራብ ከይሉኝታው ሥር ተደብቆ ስለሚኖር «የራበው ማነው?» ብሎ ከመጠየቅ፣ ድምፁ ሳይጠራቸው በፊት ለሁሉም ልጆች እኩል ገበታ መዘርጋት እንደሚሻል ነው።